የፊት እግሩ ሲያንኳኳ

በሀገራችን ፒካፕ አርጅቶ ከሥራ አይወጣም፤ ባለቤት ይቀይራል እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የተሠራው ስድስተኛው ትውልድ ሀይሉክስ፣ ከእሱ የሚቀድመውም ጭምር፣ ዛሬም ሲሚንቶና ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ምጥ የያዛት እናት ጭኖ ከገጠር ከተማ ይመላለሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን አሮጌ ፒካፕ ገና ብዙ ዓመት እንነዳዋለን። መንዳታችን አይከፋም፤ በደንብ የተያዘ አሮጌ መኪና ያኮራል። የሚያሳስበኝ ሞተሩን እያሳደስን፣ ቀለሙን እያስቀባን የፊት እግሩን መርሳታችን ነው።

ምክሬ ለሾፌርም ለመካኒክም ነው፤ አስቀድሞ ግን ለባለቤት። የፊት እግር መላላቱን መጀመሪያ የሚያውቀው መሪ የያዘው ሰው ነው። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ከስር ሲያንኳኳ ይሰማዋል፤ አስፋልት ላይ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፤ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ ፊት ይደፋበታል። ማታ ሲመለስ ለባለቤቱ ይናገራል፦ «ጋሼ፣ ከፊት ያንኳኳል።» መልሱ ብዙ ጊዜ «ይህችን ጭነት አድርስና እናየዋለን» ነው። ጭነቱ ይደርሳል፤ ሌላ ጭነት ይመጣል። ሾፌሩ ደጋግሞ ቢናገር ሰበበኛ ይባላል፤ እንጀራውንም ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ባለቤቶች ሆይ፣ ሾፌራችሁን ዝም አታሰኙት። ጭነቱ ላይ የተቀመጡት የቀን ሠራተኞች፣ መንገድ ዳር ከብት የሚነዳው ልጅ፣ ከፊት በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሕይወታቸው በእናንተ መኪና ብሎንና ዳዶ ላይ ተንጠልጥሏል። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም።

የፊት እግር ብዙ ክፍል አለው። የላይኛውና የታችኛው ብራቾ ከሻንሲው ጋር በላስቲክ ቦኮላ፣ በጎማው በኩል ደግሞ በቦል ጆይንት ይያያዛሉ። ክብደቱን ሞላ ወይም ቶርሽን ባር ይሸከማል፤ ቀደም ባሉት ሙሉ አክስል ያላቸው ሀይሉክሶች ላይ ይህ የባሌስትራ ሥራ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ንጥረቱን ይገታል፤ የመሪ ቴስቲናው ጎማውን ያዞራል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ለይተህ ፍራ ብባል ቦል ጆይንቱን እላለሁ። የጭን አጥንት ራስ በዳሌ ውስጥ እንደሚዞር ሁሉ ኳሱም በማቀፊያው ውስጥ ይዞራል። የሚሸፍነው ላስቲክ ሲቀደድ ግሪሱ ይወጣል፤ አቧራና ውሃ ይገባል፤ ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ኳሱ ከማቀፊያው ይወጣል። ያኔ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ የመኪናው ፊት መሬት ላይ ይወድቃል፤ መሪው አይታዘዝም፤ የፍሬኑ ቱቦም አብሮ ሊበጠስ ይችላል። ይህ ጋራዥ በር ላይ ከደረሰ ተመስገን ነው። ከጎሀ ጽዮን ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ አባይ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ወይም ሊማሊሞ ጠመዝማዛው ላይ ከደረሰ ግን የየትኛውም ሾፌር ችሎታ አያድንም።

ማጋነን የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ700,000 በላይ ፒካፖችንና ትልልቅ መኪኖችን፣ ታኮማና ፎርራነርን ጨምሮ፣ በዚሁ በፊት ቦል ጆይንት ምክንያት ለጥገና ጠርቷል። ጥርጣሬው ሲመረት ኳሱ ላይ በቀረ ጭረት ላይ ነበር፤ ጭረቱ ውሎ አድሮ መላላትን፣ ሲብስም መሪን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ጉዳት ያመጣል ተብሎ። እኛ የምንነዳው ለዓመታት ጉድጓድ ሲመታ የኖረ፣ ላስቲኩ ተቀዶ ጭቃ የጠጣ ቦል ጆይንት ነው።

ለማወቅ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ፤ ፊቱን በክሪክ አንሱና ጠንካራ ማቆሚያ ብረት አስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተላወሰ ቦል ጆይንቱ ወይም ኩሽኔታው ነው። አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝላችሁና ድገሙት፤ መላወሱ ከጠፋ ኩሽኔታውን፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ጠርጥሩ። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙት ከተላወሰ ደግሞ የመሪ ቴስቲናውን እዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ የታችኛውን ብራቾ የሚጫን ከሆነና ክሪኩን ከሻንሲው ስር ካስገባችሁ፣ ሞላው ብራቾውን ቁልቁል ወጥሮ ስለሚይዘው ያለቀ ቦል ጆይንት ደህና መስሎ ይታያል። እንዲህ ባለው መኪና ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ስር፣ ወደ ጎማው ጠጋ አድርጋችሁ አስገቡ፤ የተደበቀው ክፍተት ያኔ ይታያል። የጎማውንም ጥርስ በእጃችሁ ዳስሱ። በውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ፣ ወይም ቦታ ቦታውን ጎድጎድ ካለ፣ አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን አሠሩ። አለበለዚያ አዲሱም እንደዚያው ይበላል።

ሕጉም ዝም አላለም፤ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ለምርመራ እንዲቀርብ ተደንግጓል። ሆኖም ለምርመራው ቀን ጎማ ተውሰው የሚቀርቡ፣ የላላውን ለጊዜው በብየዳ ነጥብ አስይዘው ቦሎውን የሚለጥፉ አሉ። እባካችሁ ይህን ተዉ። መርማሪው በማግስቱ በመኪናችሁ አይሳፈርም፤ የሚሳፈሩት ልጆቻችሁ ናቸው።

ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ለአንድ ዓይነት ዕቃ እጅግ የተራራቀ ዋጋ ትሰማላችሁ፤ ሳጥን ላይ የታተመ ስምም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ኳሱ በእጅ ሲዞር ጠበቅ ማለቱን፣ ላስቲኩ አለመድረቁን፣ የብሎኑ ጥርስ ንጹህ መሆኑን እዩ፤ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቦል ጆይንቱንና የመሪ ቴስቲናውን አስቀድሙ፤ ቦኮላው ይከተል፤ ሾክ የግራና የቀኙ አንድ ላይ የሚቀየር ስለሆነ ለጥንድ እስኪበቃ ጠብቁ፤ እስከዚያ ጭነት ቀንሱ፣ ዝግ ብላችሁ ንዱ። ቦል ጆይንቱ ከላላ ግን ቀስ ብሎ መንዳት መፍትሔ አይሆንም፤ መኪናው ይቁም። የቶርኖ ቤቶቻችን ብልሃት ስንት መኪና ከመጣል አድኗል፤ አከብረዋለሁ። ቦል ጆይንትን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጥበቅና በብየዳ ማስያዝ ግን ከዚያ ብልሃት አይቆጠርም። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፤ መንኳኳቱን ለጥቂት ጊዜ ቢያጠፋም አደጋውን አያስቀርም። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚገባ ቦኮላም ብራቾውን በቦታው አያጸናም።

መካኒክ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባለቤቱ ዕቃውን ገዝቶ ካመጣ በኋላ ሥራው በእናንተ ህሊና ላይ ነው። ቶርሽን ባር ከመፍታታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ማስተካከያ ብሎኑን አላሉ፤ የተጫነ ሞላን ያለ መጭመቂያ አትፍቱ፤ ሰው ይገድላል። የብራቾውን ብሎን መኪናው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እስከ መጨረሻው አታጥብቁት። ላስቲኩ በዚያ አቅጣጫ ይታሰርና መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ደንበኛችሁም ቦኮላው ቶሎ ተቀደደብኝ ብሎ ሻጩን ይረግማል። መኪናውን በጎማው አቁሙት፤ ወዝወዝ አድርጉትና ክብደቱን ይያዝ፤ ከዚያ አጥብቁ። ለቦል ጆይንቱ ዳዶ አሮጌውን መቆለፊያ ሽቦ መልሳችሁ አትጠቀሙ። ቀዳዳው አልገጥም ሲል ዳዶውን ወደ ኋላ ማላላት ይቀላል፤ እናንተ ግን ጥቂት ወደ ፊት አጥብቃችሁ አግጥሙት። ባለቤቱንም አላይመንት ሳያሠራ ረጅም መንገድ እንዳይወጣ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ብሎኖቹን እንድታዩለት እንዲመለስ ንገሩት። ሲመለስ ተጨማሪ ክፍያ አትጠይቁት።

የወለቀውን አሮጌ ቦል ጆይንትም ጋራዥ ጥግ አትጣሉት። ታጥቦ፣ ግሪስ ተቀብቶ ሌላ አሮጌ ፒካፕ ላይ ሊገጠም ይችላል፤ የሚነዳውም ምንም የማያውቅ ሰው ይሆናል። ባለቤቱ እያየ የብሎኑን ጥርስ በመዶሻ አጥፉና ለቆራሌው ስጡት።