ታናሽህ ሲበልጥህ

አንባቢ ሆይ፤ ባዕድ ሰው በሥራህ ቢበልጥህ ብዙ አያስጨንቅህም። በሩቅ አገር ካንተ የሚሻል ጸሓፊ ወይም አናጢ መኖሩን ብትሰማ እንቅልፍህን ተኝተህ ታድራለህ። ነገር ግን ከአንድ እናት የተወለደው፥ ከአንድ ገበታ የበላው፥ ትናንት እጁን ይዘህ የመራኸው ታናሽህ በያዝኸው ሥራ ጥሎህ ሲያልፍ ልብህ ምን ይላል? ሰው ሁሉ «ደስ ብሎኛል» ይላል፤ እንዲህ ማለት ለአፍ አይከብደውምና።

ይህን ነገር ለመመርመር ከአሜሪካ አገር አንድ ሰው ምሳሌ አድርጌ አቀርብልሃለሁ። ስሙ ማይክ ማደክስ ይባላል፤ ሥራውም ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ኳስ መወርወር ነበረ። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ያህል ርቆ በዝቅተኛ ጉብታ ላይ ይቆማል፤ በክር የተሰፋች፥ 145 ግራም ያህል የምትመዝን ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ መቺውም ዱላውን ይዞ ይጠብቃታል። ፈጣን ኳስ ከእጅ ወጥታ እስክትደርስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ጉልበት ያለው ወርዋሪ በፍጥነት ያሸንፋል፤ ጉልበት ያነሰው ግን ኳሲቱን በጣቱ አሽከርክሮ በመንገድ እንድትታጠፍ ማድረግ፥ የመቺውንም አሳብ አስቀድሞ መገመት ግድ ይሆንበታል።

ማይክ በ1961 ዓ.ም. በዴይተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የአየር ኃይል ባልደረባ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወር ቈይቶ በላስ ቬጋስ ተቀመጠ። በዚያም አንድ ዐዋቂ ሽማግሌ በእሑድ ቀን ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ወደ እርሱ አስቀድሞ የሄደው ማይክ ነው፤ በአምስት ዓመት የሚያንሰው ግሬግ ወንድሙን ተከትሎ ገባ። በሩን የከፈተው ታላቁ መሆኑን ልብ በል።

በ1986 ዓ.ም. ሁለቱም በከፍተኛው ሊግ ጀማሪዎች ሆኑ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 29 ቀን ወንድማማቾቹ በተቃራኒ ቡድን ቆመው ተጋጠሙ፤ የታናሹ የቺካጎ ቡድን የታላቁን የፊላዴልፊያን ቡድን 8 ለ 3 አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ተለያየ። ግሬግ ከ1992 እስከ 1995 ዓ.ም. አራት ዓመት በተከታታይ ለሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ተቀበለ፤ በዕድሜውም 355 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ታላላቆቹ የክብር አዳራሽ ገባ። ማይክ ግን እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከፊላዴልፊያ ወደ ሎስ አንጀለስ፥ ወደ ሳን ዲዬጎ፥ ወደ ኒው ዮርክ፥ ወደ ፒትስበርግ፥ ወደ ቦስተን፥ ወደ ሲያትል፥ ወደ ሞንትሪያል፥ ወደ ሂውስተን እያለ ዘጠኝ ቡድን ዞረ። 39 ጊዜ አሸነፈ፤ 37 ጊዜ ተሸነፈ። ዘንድሮ የቀጠረው ከርሞ ያሰናብተዋል፤ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ በሄደበትም «የግሬግ ወንድም» ይሉታል።

ከዚያ በኋላ ወርዋሪዎችን ማሠልጠን ያዘ፤ በ2003 ዓ.ም. በሚልዋኪ፥ በ2009 ዓ.ም. በቴክሳስ የወርዋሪዎች አሠልጣኝ ሆነ። እዚህ ላይ ፌዘኛ ሰው «ሥራው አልሆን ያለው መምህር ይሆናል» ይለኝ ይሆናል። ይህን ቃል ስለ ትምህርት ቤት መምህራንም ሲናገሩት እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን እውነት አይመስለኝም። ወጥ የሚጣፍጥላትን ባልቴት «ጨው ስንት ታደርጊያለሽ?» ብለህ ብትጠይቃት «በእጄ ነው የምለካው» ትልሃለች፤ ስጦታዋ እርስዋን ይመግባል እንጂ ላንተ አይተርፍም። እያሳረረች የተማረችው ግን የት ላይ እንደሚያር ታውቃለች፤ ታሳይሃለችም። አሥራ አምስት ዓመት በየዓመቱ እንጀራውን በብልሃት ያቈየ ሰው የሚያስተምረው ነገር አያጣም።

ይሁን እንጂ የተቸገረ ሁሉ መምህር ይሆናል አልልም። መራራ ሆኖ የሚቀር አለ፤ ደቀ መዝሙሩ እንዳይበልጠው ዕውቀቱን የሚቈጥብ አለ። ሰውን ለመምህርነት የሚያበቃው ሌላው ሲያልፈው ቆሞ ማየት መቻሉ ነው፤ ማይክ ደግሞ ይህን ከቤቱ ጀምሮ ሲያይ ኖሯል። ልቡን መርምሬ አላውቅም፤ የምናየው ሥራውን ብቻ ነው። ሲ ጄ ዊልሰን የሚባለው የቴክሳስ ወርዋሪ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በጨዋታው መጨረሻ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገባ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ አደረጉትና 15 ጊዜ አሸነፈ። ይህ ድል የተጻፈው በዊልሰን ስም ነው፤ የአሠልጣኝ ስም ከዚያ መዝገብ አይገባም። ወርዋሪው ሲጨነቅ አሠልጣኙ ወደ ጉብታው ይሄዳል፤ ጥቂት ቃል ተናግሮ ይመለሳል፤ በዚያው ዙር ሁለተኛ ከሄደ ወርዋሪው መለወጥ አለበትና ቃሉን መምረጥ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ከመመልከት በቀር ምንም ሊያደርግ አይችልም። እንዲህ ያለውን መቀመጥ የማይችሉ ስንት ብርቱ ሰዎች አሉ!

ቴክሳስ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻው ውድድር ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ዓመትማ አንዲት ስትራይክ ብቻ ሲቀረው ሁለት ጊዜ ድሉ ከእጁ አመለጠ። በ2012 ዓ.ም. ታላቁ ግሬግ አማካሪ ሆኖ ወደዚያው ቡድን መጣ፤ ወርዋሪዎቹን የሚያሠለጥነው ግን ማይክ ነበረ። ማይክ ከዚያም ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። በ2023 ዓ.ም. ወደ ቴክሳስ ተመለሰ፤ ቡድኑ በታሪኩ የመጀመሪያውን የዋንጫ ድል ያገኘው በዚያው ዓመት ነው፤ ማይክም 62 ዓመት ሆኖት ነበር።