ሚዛንና ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቶቼ፣ እዚህ ሪያድ በምትሠሩበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ የክብደት ቅነሳ ውድድር አይታችሁ፣ «55 ቀን ጾሜ እኔ ምነው አልቀነስኩ?» የምትሉ አላችሁ።

በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው «ዘ ቢገስት ሉዘር» ከተወዳደሩት 14ቱ ከ6 ዓመት በኋላ ተመረመሩ። ከአንዱ በቀር ሁሉም መልሰው ጨምረዋል፤ በአማካይ ከቀነሱት 58 ኪሎ 41ዱ ተመልሷል። ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። ሐኪምና አሠልጣኝ የነበራቸው እንዲህ ከሆኑ፣ ስትሠራ ውላ በእኩለ ሌሊት የተረፈ ሩዝ የምትቀምስ እኅት ራሷን «ሆዳም» ብላ መፍረዷ እውነት ነውን?

ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅም በስደት አገር ነበሩ። 10 ቀን ጥራጥሬ በልተው ሲታዩ ወፍረው ተገኙ (ዳን. 1፥15)። በዚያ ውድድር ሚዛን ቢሆን ተሸናፊዎች በተባሉ ነበር።