ስለ ፊደል ጥንቃቄና ስለ ጉባኤ ቃል

ሰዎች ስለ ጋራ ጉዳያቸው በጽሑፍ በሚከራከሩበት ስፍራ፥ ፊደሉንና ሰዋስዉን አስተካክሎ ያልጻፈ ሰው ቃሉ ሊሰማለት ይገባልን? ወይስ ጽሑፉ እስኪቃና ድረስ ከደጅ ይቁም? ጥያቄው የተማሪ ቤት ክርክር ይመስላል። ነገር ግን በአምቦና በጉደር፥ በጊንጪና በጌዶ ለሰበካ ጉባኤ ወይም ለዕድር የሚቀርበውን ወረቀት ተቀብሎ የሚያነብ ጸሐፊ ሁሉ ሊመልሰው ግድ ነው፤ በዚያ አገር አማርኛ ከሚጽፈው ሕዝብ ብዙው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነውና።

በመጀመሪያ የጥንቁቆቹን ሐሳብ ማቃለል አይገባም። ድኅነት በኀ ሲጻፍ መዳን ነው፤ በሀ ሲጻፍ ግን ማጣት ነው። በግእዝ መሀረ ማለት አስተማረ፥ መሐረ ማለት ይቅር አለ ነው፤ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ሲሆን ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው። እመቤታችንን ለምኝልን ለማለት የሚነገረውን ሰአሊ የሚለውን ቃል በሠና በዐ ለውጦ የጻፈ ሰው፥ ሳያውቀው ሥዕል እንድትሥልለት ይጠይቃታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዘመን የደከሙበት፥ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ቃል ከዘሩ እንዳይለይ የተሠራ አጥር ነው፤ እንዲህ ያለውን ድካም የሚንቅ ሰው የሚጠቀምበትን አያውቅም።

ይሁን እንጂ እነዚህ ልዩነቶች ያሉት በግእዝ ዘር ውስጥ ነው እንጂ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አይደለም። አማርኛ ሐን ከሀ፥ ሠን ከሰ በድምፅ መለየት ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ አስተካክለህ ጻፍ ማለት ግእዝ ተማር ማለት ነው፤ ይህንንም የጉባኤ ደንብ ያደረገ ሰው፥ ግእዝ ያልተማረ አይናገር ወደ ማለት ይደርሳል። የቋንቋው ስም ራሱ በእ ወይስ በዕ ይጻፍ እንደ ሆነ ዛሬም የሚለያዩ አሉ። የጥንት ብራና ጸሐፊዎችም ሰን ከሠ፥ ጸን ከፀ ሲያቀያይሩ ይገኛሉ፤ ምእመናን ግን ያንን መጽሐፍ ይሳለሙታል እንጂ ስለ ስሕተቱ አይጥሉትም። ደግሞም ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። ገና ተብሎ ሲጻፍ የልደት በዓል ይሁን ወይም ጊዜው ያልደረሰ ነገር፥ አንባቢ ከነገሩ አካሄድ ያገኘዋል። ለዚህ ማስተዋል የተሰጠው ሰው ስለ አንዲት ሐ ማስተዋል እንዴት ያቅተዋል?

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የምዕራብ ሸዋ ልጆች ኦሮምኛን በቁቤ ይማራሉ። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን በመድገም፥ የሚረዝመውን አናባቢውን በመድገም ይጽፋል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግእዝ ፊደል የሚመጣ ወጣት አንዱ ድምፅ ሦስት መልክ ይዞ ሲቆየው ቢደናገር አያስነቅፈውም። በሌላው አማርኛ የሚሥቅ የከተማ ሊቅም እውነት የሚለውን የኦሮምኛ ቃል ዹጋን፥ ለድምፁ የተቀረጸ ፊደል ሳለ፥ በተራ ዱ ጽፎት ማንም ሳያርመው ይኖራል። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት የባለቅኔው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም እንኳ አንድ ጊዜ በጸ፥ አንድ ጊዜ በፀ ሲታተም ኖሯል። የግእዙ ጸጋ የሚጻፈው በጸ ነው፤ ሆኖም በፀ የተጻፈውን ስም አይቶ መጽሐፋቸውን ሳይገልጥ የተመለሰ አንባቢ አልተሰማም።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደ ተነገረው፥ የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው የሚሸሸውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር፤ ሲቦሌት ያለው ከኤፍሬም ወገን መሆኑ ይታወቅና ይገደላል። በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም 42,000 ሰው ወደቀ። ቃሉ የእህል ዛላ ማለት ብቻ ነበር፤ ጠባቂዎቹ ግን የሚፈልጉት የሰውየውን ነገር ሳይሆን አንደበቱን ነበር። በዛሬ ጉባኤ ስለ ፊደል የሚታረድ የለም። ነገር ግን ስለ ፈረሰ ድልድይ ወይም ስለ ደብሩ ገንዘብ የጻፈው ወረቀት በሣቅ የታለፈበት ሰው ሁለተኛ አይጽፍም፤ የእርሱም ዝምታ በቃለ ጉባኤ ስለማይሰፍር ማኅበሩ ያጣውን ምክር አያውቀውም።

ጥንቃቄ ግዴታ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ለመምህር፥ ለዳኛ፥ ለጋዜጣ አዘጋጅና ለሰባኪ ፊደል የሥራ ዕቃቸው ነውና፥ ስሕተታቸው እንደ ዶለዶመ መጥረቢያ ያስነቅፋቸዋል። ማስተካከል እየቻለ በስንፍና አዛብቶ የሚጽፍም አንባቢውን ስለ ናቀ ይወቀስ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ካህኑንና ምእመኑን፥ ወጣቱንም ጭምር በአንድነት ያስቀመጠው ግን በሰዋስው እኩል ናቸው ብሎ አይደለም።

አስተዋይ ጸሐፊ የመጣለትን ወረቀት መጀመሪያ እንዳለ ያነበዋል፤ ነገሩ ከገባው በኋላ ፊደሉን በራሱ እጅ አቅንቶ ለባለቤቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ሰውየው ነገሬ ይህ ነው ካለ በመዝገብ ይሰፍራል፤ አይደለም ካለ ግን የተቃናው ተሰርዞ እንደ ገና ይጻፋል።