ዕረፍት፣ ጨዋታና የሰው ክብር
ከአሜሪካውያን ስፖርት የምንማረው

አንድን ሕዝብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ሕጉን፣ ታሪኩንና የሥራ ልማዱን ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ ሲያርፍና ሲጫወት የሚያደርገውም ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሰውን በሥራው ላይ የሚመራው ግዴታ ሲሆን፣ በዕረፍቱ የሚመራው ግን የሚወደው ነገር ነውና። የአሜሪካ ስፖርትና መዝናኛ በቴሌቪዥንና በስልክ ወደየቤታችን ገብቷል፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች በዚያው ሀገር ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ስለዚህ ያ ሕዝብ በጨዋታው ስለ ሰው ምን እንደሚያምን ማስተዋል ለእኛም ይጠቅመናል። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የሰው ክብር በድካሙና በውጤቱ የሚገኝ ነውን? ወይስ ከሥራው ሁሉ በፊት የተሰጠው ስጦታ ነው?

በቋንቋችን ከሥራ ውጭ ያለውን ሰዓት «ትርፍ ጊዜ» እንለዋለን። «ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ የተረፈ ማለት ነው፣ በንግድ የተገኘ ጥቅም ማለትም ነው። በአሜሪካውያን የዕረፍት ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁለት ፍችዎች ሲታገሉ እናያለን።

በ17ኛው ምእተ ዓመት ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የተሻገሩት ፒዩሪታኖች ሥራን እንደ እግዚአብሔር ጥሪ ያከብሩ፣ ሥራ ፈትነትን አጥብቀው ይነቅፉ፣ በእሑድ ቀን መጫወትንም በሕግ ይከለክሉ ነበር። የዚህ አስተሳሰብ አሻራ ረጅም ዘመን ቆይቷል። የባለሙያዎች የቤዝቦል ግጥሚያ በእሑድ ቀን በኒው ዮርክ እስከ 1919፣ በፔንስልቬንያም እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕግ የተከለከለ ነበር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ሥራን እንዲህ በሚያከብር ኅብረተሰብ ዘንድ ጨዋታ ተቀባይነት ያገኘው እርሱም በበኩሉ አንድ ቁም ነገር እንዲሠራ፣ ማለትም አካልን እንዲያጠነክርና ጠባይን እንዲያርም ሲደረግ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን በየትምህርት ቤቱ ግቢ የምናየው ቅርጫት ኳስ ነው። በ1891 ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ እኛ ወወክማ ብለን የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በነበረው ማሠልጠኛ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ ነገረ መለኮት የተማረ መምህር በብርዱ ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ እንዲያገኝ ታዘዘ። እርሱም ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለ፤ 13 ደንቦችንም ጻፈ። ኳስ ይዞ መሮጥን፣ ተጋጣሚንም መግፋትና መምታትን ከለከለ። መረብ ኳስም ከ4 ዓመት በኋላ የተፈጠረው በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ማኅበር ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ኃይልን በደንብ መግራት ይቻላል፣ ወጣትም በሜዳ ላይ ምግባርን ይማራል ብለው ያምኑ ነበር።

ይህ እምነት ያፈራው መልካም ፍሬ ሊናቅ አይገባውም። በሜዳ ላይ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰው የሚመዘነውም በትውልዱና በሀብቱ ሳይሆን በሚሠራው ነው። በእርግጥ የአሜሪካ ስፖርት ራሱ ይህን ቃሉን ለረጅም ጊዜ አላከበረም፤ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ከ60 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን ቡድን ተሰልፎ ያን አጥር ሲያፈርስ ግን፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ውስጥ በዘር መለያየትን ከመሻሩ 7 ዓመት ቀድሞ ነበር። በ1972 የወጣው ሕግም ለልጃገረዶች የትምህርት ቤት ስፖርትን በር ከፈተላቸው። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ድርሻ ነበራት፤ በ1930 ረዳት ጳጳስ በርናርድ ሺል በቺካጎ የካቶሊክ ወጣቶች ድርጅትን ሲመሠርቱ የድኾችና የስደተኞች ልጆች በስፖርት አማካይነት ከመንገድ እንዲሰበሰቡ አድርገዋል። በገና ጨዋታ ጌታ በአሽከሩ እንደማይቆጣ ከአባቶቻችን የሰማን እኛም፣ ጨዋታ ማዕርግን ለጊዜውም ቢሆን ወደ ጎን እንደሚያደርግ እናውቃለን።

ይሁን እንጂ ሰው በውጤቱ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ያልቀናው ምን ይሁን? የታመመው፣ ያረጀው፣ ከቡድኑ የተቀነሰው ልጅ ክብሩን ከየት ያገኛል? የአሜሪካ ስፖርት ብርቱ ጎን ከድካሙ የሚገናኘው በዚህ ላይ ነው። ሁሉም በሥራው ይመዘን ማለት ፍትሕ ነው፤ ሰው ከሥራው ሌላ ዋጋ የለውም ማለት ግን ጭካኔ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው መንገድ አጭር ነውና ብዙዎች ሳያውቁት ይሻገሩታል።

ዕረፍትም በዚሁ መንገድ ወደ ትርፍ ተለውጧል። ሄንሪ ፎርድ በ1926 በፋብሪካዎቹ የሥራ ሳምንቱን 5 ቀን ሲያደርግ፣ ጊዜ ያለው ሠራተኛ ብዙ ዕቃ እንደሚገዛ በግልጽ ተናግሮ ነበር። ለሠራተኛው ዕረፍቱ እውነተኛ በረከት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሰውን ያየው እንደ ገዢ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ራሱ ታላቅ ገበያ ሆነ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስፖርት ውርርድን የሚገድበውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ በኋላ፣ ከ30 የሚበልጡ ክፍላተ ሀገር ውርርዱን ፈቅደዋል። ወጣቱ ጨዋታውን ስለ ውበቱ ማየቱን ትቶ በስልኩ ላይ ገንዘቡን ይከታተላል። ይህ ፈተና የሀገራችንን ከተሞች ወጣቶችም እንዳልማረ እናውቃለን።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ሙሉ ቀኑ እግዚአብሔር ያረፈበት ሰባተኛው ቀን ሆነ። ሰው ገና ምንም ሳይሠራ ወደ ዕረፍት ተጠራ፤ ክብሩ ደመወዝ ሳይሆን ስጦታ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ጨዋታ ለነፍስ እንደ ዕረፍት መሆኑን ያስተማረው፣ ጀርመናዊው ካቶሊካዊ ፈላስፋ ዮሴፍ ፒፐርም በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ የእውነተኛ ዕረፍት ሥር አምልኮ መሆኑን ያስረዳው ከዚሁ ምንጭ ቀድተው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሯጮችን ብርታት አላናቀም፤ የሚጠፋውን አክሊል ግን ከማይጠፋው ለየው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ፣ በወጣትነታቸው ኳስ ተጫዋች የነበሩት አባት፣ በ1998 ስለ ጌታ ቀን ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል፤ በ2000 ኢዮቤልዩ ደግሞ ከስፖርተኞች ጋር በሮም ስታዲየም ቅዳሴ አሳርገዋል። ሰንበትና ስፖርት ጠላቶች አይደሉም፤ የሚያስፈልገው የትኛው የትኛውን እንደሚያገለግል ማወቅ ነው።

ይህን ማወቅ በተግባር ምን እንደሚመስል ከዚያው ከአሜሪካ ሜዳ ምሳሌ እናገኛለን። በ1965 የቤዝቦል ዓመታዊ የፍጻሜ ውድድር የመጀመሪያ ግጥሚያ ከአይሁድ የስርየት ቀን ጋር ገጠመ። የሎስ አንጀለሱ ቡድን ታላቅ ኳስ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ አይሁዳዊ ነበርና በዚያ ቀን አልጫወትም አለ። ቡድኑ በዕለቱ ተሸነፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በመጨረሻው ግጥሚያ ኮፋክስ ተሰልፎ ዋንጫው የቡድኑ ሆነ፤ ነገር ግን ዋንጫው ባይገኝም ኖሮ ውሳኔው ትክክል ነበር። ጨዋታን ከልቡ የሚወድ ሰው ለጨዋታ ባሪያ አለመሆኑን አሳይቷልና።

ውድ ምእመናን፣ ይህን ስንል በሰንበት ለመሥራት የተገደደውን ወገን ልንነቅፍ አይደለም። በአሜሪካ የግል አሠሪዎች የተከፈለበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ እስከ ዛሬ የለም፤ ሁለት ሥራ የያዘች እናት እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ብትቀር ፍርዳችን ሳይሆን እገዛችን ይገባታል። ሠራተኛ የምንቀጥር እኛም በቤታችን ያለችው ረዳት ዕረፍቷን ማግኘቷን አስቀድመን እንጠይቅ። ፍትሕ የሌለበት የሰንበት ስብከት ባዶ ቃል ነው።

ወላጆች ልጃቸው ከሜዳ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ለስንት እንደ ወጡ ከሆነ፣ ልጁ ስለ ራሱ ዋጋ አንድ ትምህርት ይቀበላል፤ ከማን ጋር እንደ ተጫወተ፣ ደስ ብሎት እንደ ሆነ ከጠየቁት ሌላ ትምህርት ይቀበላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም የቁምስናውን ቡድን ሲያዘጋጁ፣ ጎበዞቹን ብቻ ሳይሆን ደካማውንም የሚያሰልፉበት መንገድ ይፈልጉ፤ የልምምዱም ሰዓት ከቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ ያድርጉ። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1984 ጀምሮ በጁላይ ወር መጀመሪያ ሰሞን በሚያዘጋጁት የእግር ኳስ በዓል ከየከተማው የሚመጣው ሕዝብ አብዛኛው የሚመጣው ለዋንጫው አይደለም፤ የናፈቀውን ወዳጅ ሊያገኝ፣ ልጆቹንም ከወገን ጋር ሊያስተዋውቅ ነው። ይህ ዕረፍት ወደ ሰንበት ይቀርባል፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በአንድ ማዕድ ይቀመጡበታልና። ልጆቻችን ዋጋቸው በሜዳው ውጤት እንደማይለካ በዚያ ማዕድ ይማሩ፤ ሙሉውንም በየእሑዱ በጌታ ማዕድ ዙሪያ ያግኙት።