ግጥም፦ ሕዝብ

ጓደኛዬ ትዝታን ዘፍኖ ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው ከቪዲዮው ሥር «ዜማ፦ ሕዝብ፣ ግጥም፦ ሕዝብ» ብሎ ጻፈ። በዜማው አልከራከርም። ግጥሙ ግን፣ ቢያንስ መሀል ላይ ያሉት አራት ስንኞች፣ የአክስቴ ናቸው። እንዴት እጁ እንደገቡም አውቃለሁ፤ የላኩለት እኔ ነኝ።

እታለም ነው የምንላት። ኮምቦልቻ ትኖራለች። በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ ሁላችንም ቤት ዘግተን ወጣን፤ ስንመለስ ቴፑም ካሴቶቹም የሉም። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል፣ የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ፣ ከላያቸው ጽሑፉ የጠፋ የሰርግ ቅጂዎች፣ ሁሉም ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ እታለም ቡና ስታፈላ ራሷ ማንጎራጎር ጀመረች። ካሴቱ ሳለ አንድም ቀን ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር። አንድ እሑድ ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ ቀዳኋት። ተደብቄ አይደለም፣ አይታኛለች። «ለሰው እልከዋለሁ» ግን አላልኳትም።

ያን ቀን ማታ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ገና ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ፋይሉን ለጓደኛዬ ላኩለት። «ስማት እስቲ» ብቻ ነው ያልኩት። ከወር በኋላ ዘፈን ሆኖ መጣ።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ እንዲገባችሁ ትዝታ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ ላንሳ። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ እኛ ወሎዬዎች ደግሞ አራቱንም የኛ ነው እንላለን። ሁለቱን ካርታ ላይ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ነው፣ ተራራ። አንቺ ሆዬ ሴትን በፍቅር መጥራት ነው። ትዝታ ግን አገር የለውም። የስሜቱ ስም ነው፣ የቅኝቱ ስም ነው፣ የዘፈኑም ስም ነው። ለኛ ለፕሮግራመሮች ይሄ የሚያሳብድ ነገር ነው፤ ቋንቋውም፣ ላይብረሪውም፣ ፕሮግራሙም በአንድ ስም ሲጠሩ አስቡት።

ስለዚህ «ከቨር» የሚለው ቃል ትዝታ ላይ አይሰራም። ከቨር ለማለት መጀመሪያ አንድ ዋና ቅጂ ያስፈልጋል፤ እገሌ በዚህ ዓመት ዘፈነው፣ እገሊት ደግማ ተጫወተችው የሚባል። ትዝታ መጀመሪያ የለውም። አስናቀች ወርቁ በክራር ተጫወተችው፣ ማሕሙድ አሕመድ በባንድ፣ አስቴር አወቀ በራሷ ድምፅ፤ ማናቸውም ሌላውን አልገለበጡም። ጌታቸው ካሳ እንዲያውም አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት አድርጎ ራሱ ሁለት ጊዜ ዘፍኖታል፤ የትኛው የትኛው ከቨር ነው? ኢትዮፒክስ የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም 10ኛ ቁጥሩን ለትዝታ ሰጥቶ፣ አንዱን ዘፈን ከተለያየ ሰው ስትሰሙት አይሰለችም። ኬንያዊው ጸሐፊ ሙኮማ ዋ ንጉጊ ማን ትዝታን አሳምሮ ይዘፍናል ብለው የሚፎካከሩ አራት ድምፃውያን ያሉበት ልብ ወለድ ጽፏል። እኔና ጓደኞቼ ፒያሳ ቁጭ ብለን ያንኑ ክርክር በነጻ እናካሂዳለን።

ዜማው የጋራ ሆኖ የሚለያየው ግጥሙ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ ከሰማው ላይ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ከአንዷ ዘፋኝ የሰማችሁት ስንኝ ሌላው ጋ ብቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደስ ይላል፤ ችግሩ የሚመጣው ያ ስንኝ የምታውቁት ሰው አፍ ሲሆን ነው።

በሥራዬ «ጊት ብሌም» የሚባል ትእዛዝ አለ። የአንድን ፕሮግራም እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው አውጥቶ ያሳያችኋል። የለመድኩት ዓለም ይሄ ነው። በክፍት ሶርስ የሰው ሥራ ወስዳችሁ እንደፈለጋችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ በጣም ልል የሚባለው የኤምአይቲ ፈቃድ እንኳ የባለቤቱን የቅጂ መብት ማስታወቂያ አብራችሁ እንድታቆዩ ይጠይቃል። ውሰድ፣ ስሜን ግን አትፋቅ ነው ነገሩ። «ግጥም፦ ሕዝብ» የሚለውን ሳይ የታየኝ የተፋቀ ስም ነበር። የስንት ሴቶች ግጥም ነው በዚህች ቃል ውስጥ የጠፋው? ወፍጮ ላይ፣ ቡና ላይ፣ ሰርግ ላይ የገጠሙት፣ ሌላው ስቱዲዮ ገብቶ የተከፈለበት። ሕጉም ብዙ አይረዳቸውም። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ አንድ ሥራ እንዲጠበቅ ወጥ መሆኑንና ግዙፍነት ማግኘቱን ይጠይቃል፤ ማለትም ተጽፎ ወይም ተቀርጾ እንዲገኝ። የእታለም ግጥም ግዙፍነት ያገኘው እኔ ስልክ ላይ ነው።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። አልተጣላንም። «ስሟን ላክልኝ፣ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ጀግና ነገር ሆኜ ነው ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት።

እታለም ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልተቆጣችም። ልጁ ድምፁ ያምራል አለች። ስሟ ሊጻፍላት እንደሆነ ስነግራት ግን ስኒውን አስቀመጠችው።

«የኔ ስም?»

«አዎ፣ ያንቺ ግጥም አይደል?»

«ጋሼህ አይሰማም ብለህ ነው?»

ጋሼ ያን ግጥም መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ቡናውን እየጠጣ፣ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። ግጥሙ ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ ጋሼ አይደለም። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ስንኞቹንም እዚህ አልጽፋቸውም። «እሱ የሰማው ትዝታ ነው» አለችኝ፤ «ስሜን ስትጽፍበት የኔ ይሆናል።»

እኔ የገባኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ስመለስ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግጥሙን ትሰጡታላችሁ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በራሱ ድምፅ ይለዋል። ለአለቃችሁም ይሁን ለቀድሞ ፍቅረኛችሁ የወረወራችሁት ነገር ቤቱ ውስጥ ይደርሳል፣ ግን ያለው አዝማሪው ነው፣ አዝማሪው ደግሞ «ተቀበል ተብዬ ነው» ማለት ይችላል። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ብሌም ማለት ወቀሳ ነው፤ ትእዛዙን የምንጠራው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው እንጂ ማንም ሰው ደህና የሚሠራ መስመር ላይ ብሌም አያደርግም። እኔ ምስጋና መስሎኝ ለአክስቴ ይዤላት የሄድኩት እሱን ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የሚል በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ገባ፤ በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ «አዝ ዊ ኢንተር»ን ሠሩበት። «የግሌ» የተባለው ትዝታ ዓለምን ዞረ፣ የሙላቱም ስም አብሮት ዞረ፣ ደግም ሆነ። ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን ማንንም አያጋልጥም። የእታለም ትዝታ ቃል አለው።

ይሄን ስል «ሕዝብ» ተብሎ ይቅር ማለቴ አይደለም። ስሙን የፈለገች ሴት ስሟ ሊጻፍላት፣ ገንዘብ ካለም ልታገኝ ይገባል። የሴቶቹን ስም የፋቀውና እታለምን የሸፈናት ቃል አንድ መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል። ግን የኔ ጥፋት ስሟ አለመጻፉ አልነበረም። ቡና ላይ ለአራት ሰው የተባለን ነገር ሳልጠይቅ ከቤት አወጣሁት። ስም ብጨምርበት ያ አይስተካከልም ነበር፤ ይባስ ነበር። ይሄን ጽሑፍ ግን ጠይቄያት ነው የጻፍኩት። «ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት እታለም አለ ብለህ ነው፣ አብሽር» አለችኝ።

ቪዲዮው እንዲጠፋ ከፈለገች እንደሚጠፋም ነግሬያት ነበር። አሰበችበት። ከዚያ ሌላ ነገር አመጣች፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች የሷ አይደሉም። ወጣት ሆና ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስትገባ አብራት የምትሠራ ሴት ነበረች፣ ከሷ ነው የያዘቻቸው። ያቺ ሴት ከማን እንደያዘች አልጠየቀቻትም። የሷ ሁለቱ የኋለኞቹ ብቻ ናቸው፤ ሰውዬው ያለባቸው።

«አይጥፋ» አለች በመጨረሻ። «ግን እንደገና ክፈትልኝ።»

ከፈትኩላት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች።

«እዚህ ጋ ተሳስቷል። ‹ሄደ› አይደለም ያልኩት፣ ‹ወረደ› ነው። ንገረው።»

ጓደኛዬ ጋ እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። «ማን አለ?» ብሎ መለሰልኝ።