ስሟ ከዝርዝሩ ለታጣባት ልጃችን

ከንስሐ ልጆቻችን አንዲቱ ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትና ስሟ ከተመረጡት ዝርዝር ቢታጣ፣ «እግዚአብሔር ባይፈልገኝ ነው» ብላ እያለቀሰች ወደ እኛ መጣች። እኛም የደጁ መዘጋት የጥሪው መሻር እንዳይደለ ነገርናት።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ትምህርት አልገባው ቢል ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ እንደ ነበር ይነገራል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አየ። ነገር ግን በማድነቅ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ሸሸው መምህር ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደ ገናም ተማረ።

የዚህ ትምህርት ቤት ደጅ መጥበቡ ለበሽተኛው ሲባል ነው፤ መድኃኒት የምትሰጥ እጅ ብትስት ነፍስ ይጠፋልና። ልዕልት ፀሐይ እንኳ የንጉሥ ልጅ ሲሆኑ፣ በስደት ዘመን በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው ሙያውን የፈጸሙት በ1931 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ልጃችን ሆይ፤ ኀዘንሽን በጸሎት አቅልዪ፤ የጎደለሽ የቱ ትምህርት እንደ ሆነ ጠይቂ፤ የሒሳብና የባዮሎጂ ደብተርሽን ዳግመኛ ግለጪ፤ ለቃለ መጠይቁም ተዘጋጂ። እስከዚያው የጎረቤትሽን በሽተኛ ጠይቂ፤ ውኃ ለማቀበልና ለማጽናናት የምስክር ወረቀት አያሻም፤ መድኃኒቱን ግን ለተማሩት ተዪ። ጊዜው ሲደርስ ማመልከቻሽን ይዘሽ ወደዚያው ደጅ ተመለሺ።