«ፆመኛ ነኝ»፦ እርዳታ መጠየቅ ለምን ያስፈራናል?

 

ዛሬ ስለ አንድ ውሸት ልንገርህ። የራሴ ውሸት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ማተሚያ ቤት ተዘጋ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቀመብኝ። ለእናቴ በየወሩ የምልካት ብር ተቋረጠ፤ ስትደውልልኝ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሰላም ነው» እላታለሁ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጓደኞቼ ምሳ እንብላ ሲሉኝ ኪሴ ባዶ ነው። ታዲያ ምን እላለሁ? «ፆመኛ ነኝ»። ሰኞ ፆመኛ ነኝ። ማክሰኞም ፆመኛ ነኝ። ረቡዕም እንደዚያው። ልጆቹ «ማሻአላህ፣ ወንድማችን በርትቷል» ይሉኝ ጀመር። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ዝም። ረሃቡ አልነበረም የከበደኝ፤ መታወቁ ነበር የሚያስፈራኝ።

አንድ ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ መስጂዳችን ውስጥ ሁልጊዜ ከምሰሶው አጠገብ የሚቀመጡ አንድ አባት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ቀን ላይ ለጓደኞችህ 'ፆመኛ ነኝ' ስትል ሰማሁህ። ቅድም ደግሞ ውዱእ ማድረጊያው ጋ ውኃ ስትጠጣ አየሁህ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልተቆጡኝም። «ለመሆኑ አንተ የተቸገረ ሰው ስትረዳ ደስ ይልሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ይህን ደስታና አጅር እኛን ለምን ነፈግከን?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ቤታቸው ወስደው አበሉኝ። በሳምንቱ ደግሞ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ጋር አገናኙኝና ሥራ ጀመርኩ። ከአንድ ወር በላይ የተሸከምኩት ጭንቀት የተፈታው በአንድ ቀን ወሬ ነው። ችግሬን የሚያቀለው ሰው በየቀኑ አብሮኝ ይሰግድ ነበር። እኔ ግን አፌን ዘግቼ ነበር።

ወንድሜ፣ እህቴ! አንተስ ዛሬ ምንህን ደብቀህ ነው «ደህና ነኝ» የምትለው? አንቺስ? ያልገባህ የትምህርት ዓይነት ይሆናል። ውርርድ ውስጥ ገብተህ ያመጣኸው ዕዳ ይሆናል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ ጭንቀት ይሆናል። ከሱስ ለመውጣት ብቻህን አሥር ጊዜ ሞክረህ አሥር ጊዜ ወድቀህ ይሆናል። ሁላችንም ዘንድ አንድ «ፆመኛ ነኝ» የምንላት ነገር አለች።

ይህ ፍርሃት በአገራችን ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ሰው ምን ይለኛል? እኛ ግን በስሙ አንጠራውም። የዲን ልብስ እናለብሰውና አንዴ «ሐያእ ነው»፣ አንዴ «ተወኩል ነው»፣ አንዴ ደግሞ «ክብር ነው» እንላለን። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ሐያእ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለውም። ግን ሐያእ ሰውን የሚከለክለው ከምንድን ነው? አላህ ከሚጠላው ነገር ነው። የኔ ሐያእ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ከውሸቱ በከለከለኝ ነበር! አላህን ሳላፍር ዋሸሁ፤ ሰውን ግን አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። እነዚያ ሴቶች ዛሬ ብዙዎቻችን በሹክሹክታ እንኳ የማናነሳውን ጥያቄ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቅርበዋል። እነሱ በመጠየቃቸው ይኸው እስከ ዛሬ ስለ ጦሃራ ሕግ እንማራለን። እህቴ፣ አንቺ ያፈርሽበትን ጥያቄ ምናልባት ሌሎች አሥር እህቶችም አፍረውበት ተቀምጠው ይሆናል።

ሁለተኛው ተወኩል ነው። «የምለምነው አላህን ብቻ ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለወጣቱ ኢብኑ ዐባስ በሰጡት ምክር ስንለምን አላህን እንድንለምን፣ እገዛ ስንሻም ከአላህ እንድንሻ አስተምረውናል። ግን የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውስ። ወደ ፊርዐውን እንዲሄድ ሲታዘዝ እጁን ወደ ጌታው አነሳ። ደረቱ እንዲሰፋለት፣ ነገሩ እንዲቀልለት፣ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ለመነ። ከዚያስ? ወንድሙ ሀሩን ረዳት እንዲሆነው ጠየቀ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ሀሩን ከኔ ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ነው አለ። ልብ በል፤ ሙሳ የለመነው አላህን ነው፤ ከለመናቸው ነገሮች አንዱ ግን ሰው ነበር። አላህም «እኔ እበቃሃለሁ፣ ወንድምህ ምን ያደርግልሃል?» አላለውም። ልመናውን ተቀበለው፤ ሀሩንንም ሰጠው።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ በላይ በአላህ ላይ የተመኩ ነበሩ። ሆኖም በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀጥረዋል። ያ ሰው ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ነው፤ በጊዜው ሙስሊም እንኳ አልነበረም። ከዚያ በፊት መካ ላይ ግፉ ሲበዛ ሶሐቦችን ወደኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ፣ በፍትሐዊነቱ ወደሚታወቀው ነጃሺ ልከዋል። ይህች ምድር በእስልምና ታሪክ ስሟ የሚነሳው የተቸገሩ ሰዎች መጠጊያ ብለው መጥተውባት፣ እሷም ስላልመለሰቻቸው ነው። የጠየቁት አልተዋረዱም፤ የተጠየቀው ነጃሺም ከፍ አለ። ወደ ሰበብ መሄድ ከተወኩል አያወጣም። ከተወኩል የሚያወጣው ልብ ሰበቡ ላይ ሲንጠለጠል ነው።

ሦስተኛው ክብር ነው። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚሰጥ እጅ ከሚቀበል እጅ እንደሚበልጥ አስተምረዋል። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሀዲስ፣ ሰዎችን ምንም ላለመጠየቅ ቃል ኪዳን የገቡ ሶሐቦች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ጅራፋቸው ሲወድቅ እንኳ ሰው እንዲያቀብላቸው አይጠይቁም ነበር። ይህ ትልቅ ደረጃ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ሀብት ለማከማቸት ብሎ ሳይቸገር ሰው ፊት እጁን የሚዘረጋም ከባድ ማስጠንቀቂያ መጥቶበታል።

ግን ራሴን ከእነዚያ ሶሐቦች ጋር ሳወዳድር አፈርኩ። ጅራፉን ያልጠየቀው ሶሐባ ልቡ ከሰው ነፃ ስለወጣ ነው ያልጠየቀው። የኔ ልብ ደግሞ የሰው ባሪያ ሆኖ ነበር፤ «ምን ይሉኛል» የሚለው ነው አፌን የዘጋው። ሁለታችንም አልጠየቅንም፤ በልባችን መካከል ያለው ርቀት ግን የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ዝም ስትል ራስህን ጠይቅ፦ ዝም ያሰኘኝ ከአላህ ጋር መብቃቃቴ ነው ወይስ የሰውን ዓይን መፍራቴ?

ደግሞም በሩ አልተዘጋም። ከቀቢሳ (ረ.ዐ) በተዘገበው ሀዲስ፣ ሰዎችን ለማስታረቅ ዕዳ የተሸከመ፣ አደጋ ንብረቱን ያጠፋበትና ሦስት አስተዋይ ወገኖቹ የሚመሰክሩለት ድህነት ላይ የወደቀ ሰው መጠየቅ እንደሚፈቀድለት ተነግሯል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ሲለዩ ጥሩራቸው በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ በ30 ሷዕ ገብስ መያዣ ተቀምጦ ነበር። ለቤተሰባቸው ቀለብ በዱቤ ወስደዋል። ክብራቸው ቀነሰ? በፍጹም!

ዛሬ ጁመዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን ትቀራለህ። ስትቀራት የሚጠይቁትን ሰዎች ተከታተላቸው።

ሙሳ (ዐ.ሰ) አላህ ያነጋገረው ነቢይ ሆኖ ሳለ፣ ከተማረው እንዲያስተምረው ኸድርን ልከተልህ ወይ ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ አንዲት ከተማ ይደርሱና ነዋሪዎቿን ምግብ ይጠይቃሉ። አስተውል፤ ጠያቂዎቹ ነቢይና የነቢይ መምህር ናቸው። ሰዎቹ ግን እምቢ አሏቸው! እኛ የምንፈራው ትልቁ ነገር፣ ጠይቆ መከልከል፣ በነሱ ላይ ደረሰ። ታዲያ ምን ሆኑ? አልተሰበሩም። ኸድር በዚያችው ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አግኝቶ ያለ ክፍያ አቆመው። መከልከል ማንነታቸውን አልነካውም፤ መልካም ከመሥራትም አላገዳቸውም።

ወደ መጨረሻው ደግሞ ዙልቀርነይን ይመጣል። ንግግር ለመረዳት የሚቸገሩ ሕዝቦች ከየእጁጅና መእጁጅ ጥፋት እንዲጋርዳቸው ጠየቁት። ቋንቋ አጥሯቸው ሳለ ችግራቸውን ግን ተናገሩ። ከዚህ የበለጠ የሚገርመው የሱ መልስ ነው። ገንዘባቸውን አልፈለገም፤ ጌታው የሰጠው እንደሚበልጥ ነገራቸው፤ ግን በጉልበታችሁ አግዙኝ አለ። ምሥራቅና ምዕራብ የደረሰ ንጉሥ «አግዙኝ» አለ! ከዚያም የሚፈልገውን ለይቶ ነገራቸው፦ የብረት ቁራጮች አምጡ፣ አናፉ፣ የቀለጠ ነሐስ አምጡልኝ። ግድቡ የተሠራው ጠያቂውም ተጠያቂውም እጃቸውን አስገብተውበት ነው።

ገጠር ያደግህ ከሆንክ ይህን በደቦ ታውቀዋለህ። እህሉ የደረሰበት ገበሬ ደቦ ሲጠራ ማንም ለማኝ አይለውም። ዛሬ የሱ ማሳ ነው፤ ነገ እሱ ደግሞ የጎረቤቱ ማሳ ላይ ይገኛል። ከተማ ስንገባ ነው ይህን የረሳነው።

እንግዲህ እንዴት እንጠይቅ? ካለፈው ስህተቴ የተማርኩትን ላካፍልህ።

አንደኛ፣ ከአላህ ጀምር። ሁለት ረከዐ ስገድና ጉዳይህን ለሱ ንገረው። ሙሳ እንዳደረገው፣ የሚያግዝህን ሰውም ከሱ ለምን። ያኔ ሰው ፊት ስትቆም ልብህ አይንቀጠቀጥም፤ በሩ የማን እንደሆነ ታውቃለህና።

ሁለተኛ፣ ሰው ምረጥ። ምሥጢር የሚይዝ፣ ነገሩንም የሚችል ይሁን። የጭንቀት ሕመም ከሆነ ለሐኪም ንገር፤ መታከም በሀዲስ የታዘዝነው ነው። ኃጢአት ውስጥ ከገባህ ገመናህን አደባባይ አታውጣው፤ ለመውጣት የሚረዳህን አንድ ታማኝ ሰው ወይም ዓሊም ግን አማክር።

ሦስተኛ፣ ለይተህ ጠይቅ። «ተቸግሬያለሁ» ብለህ አትተወው። «ሥራ እየፈለግኩ ነው፣ የምታውቀው ቦታ አለ?»፣ «ይህ ምዕራፍ አልገባኝም፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ታስረዳኛለህ?» በል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ሲገባ ወንድሙ ሰዕድ ሀብቱን ሊያካፍለው ቢያቀርብለትም በረካ ተመኝቶለት ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳየው ብቻ ጠየቀ። እርዳታ ማለት ሁልጊዜ ብር አይደለም።

አራተኛ፣ እምቢ ለማለት ቦታ ተውለት። አትጨቅጭቅ፣ በአላህ ስም አታስጨንቀው። ካልቻለ ቅር አይበልህ፤ የዚያችን ከተማ ሰዎች አስታውስ። የተበደርከውን ደግሞ ጻፈው፣ ቀጠሮህን አክብር። ስትቆም አንተም ሌላውን አንሳ።

በመጨረሻ ደህና ላለኸው አንድ ቃል አለኝ። አላህ በሱረቱል በቀራህ፣ ከመጥፎ ልመና ራሳቸውን ስለሚጠብቁ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉትን ድሆች ያነሳልናል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚለየው አስተዋይ ነው። እኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ ያ እውነት ነው። ያዳነኝ ግን ውኃ ስጠጣ ያየኝ የአንድ አባት ዓይን ነው። ዛሬ ከጁመዓ ሶላት ስትወጣ ጫማህን አድርገህ አትሩጥ። ከጎንህ የሰገደውን ልጅ «እንዴት ነህ?» በለው፤ «አልሐምዱሊላህ» ካለህም በኋላ ትንሽ ቆይተህ «እውነት ግን እንዴት ነህ?» ብለህ ድገምለት።

ከዚያም አንተ ራስህ ለአንድ ሰው ያቺን የደበቅካትን ነገር ንገር። ዛሬውኑ፣ ከመግሪብ በፊት።

አላህ ሆይ! ካንተ ሌላ ከማንም የማይፈራ ልብ ስጠን። በኛ ላይ የሰዎችን ልብ አራራ፤ እኛንም ለሰዎች መድረሻ አድርገን። ተደብቀው ለሚያለቅሱ ወንድሞችና እህቶቻችን ፈረጃህን አቅርብላቸው። ኣሚን።

በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማውረድን እንዳትረሱ። መልካም ጁመዓ!